አዲስ አበባ ላይ ለስድስት እንግዶች ልዩ ፕሮግራም፣ ከጥር 10 እስከ 12፦ የት ላይ ይሰናከላል?

የጉዞ አሰናጅ
ጤና ይስጥልኝ። ስድስት እንግዶች፣ ሁለቱ ከ70 ዓመት በላይ፣ ጥር 10 ጠዋት ቦሌ ይገባሉ። በወጪ አይቆጠቡም፤ ጥድፊያ ግን አይፈልጉም። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ጥር 10 ከሰዓት እንጦጦ፣ ማታ ክትፎ ቤት። ጥር 11 ብሔራዊ ሙዚየም፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ሽሮ ሜዳ ልብስ ማሰፋት። ጥር 12 አፍሪካ አዳራሽ፣ ማታ በረራ። የቱን ላስተካክል?

አስጎብኚ22
የጥር 11ዱን ሙሉ በሙሉ ቀይረው። ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ስለሚያልፉ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ መንገዶች ከጥር 10 ከሰዓት ጀምሮ ይዘጋሉ፤ ሽሮ ሜዳም የሚኬደው በዚያው በኩል ነው። ዋናውን ዝግጅት ጥምቀቱን ራሱን አድርገው። ለእንዲህ ዓይነት እንግዶች ከዚህ የሚበልጥ ነገር ከተማዋ የላትም።

ጥር 10 ከሰዓት መንገድ ዳር ቆመው የታቦታቱን አወራረድ ይዩ። ወጣቶቹ ከታቦቱ ፊት ፊት የሚያነጥፉትን ምንጣፍ እንዳይረግጡ አደራ በላቸው። ጥር 11 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሆቴል መነሳት ነው፤ መኪናው ሩቅ ይቆማል፣ የቀረው በእግር ነው። ንጋት ላይ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ለእያንዳንዱ ጋቢ፣ ለሁለቱ አረጋውያን ታጣፊ ወንበር ይያዝ። ጸበሉ ሕዝቡ ላይ ሲረጭ ስልክና ካሜራ ይበላሻልና በላስቲክ ይጠቅለል፤ ቦርሳ ሆቴል ይቅር። ታቦታቱ ከመነሳታቸው በፊት ውጡ፤ ሕዝቡ አንዴ ከተንቀሳቀሰ አረጋዊ ይዞ መውጣት ከባድ ነው።

ጉለሌ
እንጦጦ በመጀመሪያው ቀን አይሆንም። ከተማዋ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል፤ በዚያ ዕድሜ ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ክትፎውም ይቅር፣ ጥር 10 ገሃድ ስለሆነ ይጾማል። በያይነት አብላቸውና ክትፎውን ለጥር 11 ምሳ አድርገው፣ ለብለብ ብለህ እዘዝ። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ አይጾምም።

ቀኑን በፈረንጅ ስትጽፍላቸው ተጠንቀቅ። ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዩወሪ 19 ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን 20 ይሆናል፣ በ2016 እንደሆነው። ለሾፌሩም «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8» ብለህ ሁለቱንም ጻፍለት።

ሸማ
የሐበሻ ልብስ በአንድ ከሰዓት አይደርስም። የትከሻ፣ የደረት፣ የወገብና የቁመት ልካቸውን አስልክና ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት ስጥ፤ ጥለቱን ራሳቸው በፎቶ ይምረጡ። ሲመጡ መሞከር ብቻ ይቀራል፣ ለጥምቀትም ይለብሱታል።

አፍሪካ አዳራሽ ስም ዝርዝር አስቀድሞ ይሰጠዋል፣ ፓስፖርትም ይያዝ። ጥር 12 ቅዳሜ ወይም እሁድ እንዳይውል ተመልከት። የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል፣ ያን 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን፣ ሳይቸኩሉ እንዲያዩት ከአንድ ሰዓት አታሳንስ። ድሮንና የርቀት መነጽር ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል፣ ከአሁኑ ንገራቸው።

የጉዞ አሰናጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ሙዚየሙንና ሥላሴን የት ላስገባ?

አስጎብኚ22
በረራውን ወደ ጥር 13 ማታ አዛውረው። የሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በ12 ስለሆነ ያ አካባቢ እስከዚያ አይለቅም። በ13 ጠዋት ድንቅነሽን አይተው ወደ ሥላሴ ይውረዱ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ስለሆነ ጫማ ይወልቃል፣ ካልሲ ይዘው ይምጡ።