ላይቭ ባንድ በመኖሪያ ሰፈር፦ ጭፈራው ይቀጥል ወይስ ይቁም?

ጥያቄ አቅራቢ፦
ወገን፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ የምሽት ቤት ዓርብ ዓርብ ላይቭ ባንድ ያስገባል። ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ቤቱ ይዘጋልን ብለው ወረዳ አመልክተዋል። እኔ እዚያ እጨፍራለሁ፤ የፈረሙት ደግሞ ጎረቤቶቼ ናቸው። ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ከፈረሙት አንዷ ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟት ባደረች ሌሊት እንኳ እፎይታ አላገኘንም። በአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው ድምፅ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 45 ማለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያወራው ነው። ሕጉ ይከበርልኝ።

ቤዝ ተጫዋች፦
እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። ግን ባንድ ያለበትን ቤት ሁሉ ዝጉ ከተባለ የት እንጫወት? የጃዝ ቤቱ ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ሄደ። የባህል ማዕከሉ ፈንድቃም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ከቦታው ተነሣ። ጃም፣ ማለትም እዚያው እየፈጠሩ አብሮ መጫወት፣ ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ጨፋሪ ይፈልጋል። ባለፈው አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ሆነን ሳክስፎኑ ሶሎውን ሊዘጋ ሲል ፊት ያሉት ልጆች እስክስታውን አጠበቁት። ድራመሩ ትከሻቸውን እያየ የጭክጭካውን ምት አለቅም አለ፣ ሳክስፎኑም ተመልሶ ሌላ ዙር ገባ። የአምስት ደቂቃ ዜማ ሃያ ደቂቃ ሄደ። ያን ሌሊት ከጨፋሪው ጋር ሆነን ነው የፈጠርነው።

አንድ የድሮ ጨፋሪ፦
ልጄ፣ የምትለው ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ሆቴል ገብተን በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ መውጣት የለም። ዋልያስ ባንድን ሂልተን ላይ እየሰማን ጠዋት ወደ ቤት እንሄድ ነበር። ግን ያ ሁሉ ጭፈራ ሆቴል ውስጥ ነበር፤ የሰው መኝታ ቤት ግድግዳ ሥር አልነበረም። እናትየዋ እውነት አላት።

የድምፅ ባለሙያ፦
ክርክሩ የሚዘጋና የማይዘጋ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቀጭን ድምፅ በቀላሉ ይታገዳል። የሚያስቸግረው ወፍራሙ ነው፣ ቤዝና ኪክ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ)፤ ቆርቆሮ ጣሪያና ስስ ግድግዳ አያቆመውም። የተለመደው የዴሲቤል መለኪያ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ደህና ነው» ቢልም ሴትዮዋ አልጋ ላይ ሆና የሚሰማት እውነት ነው። ብዙ ባለቤቶች ስፖንጅ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ጨረስን ይላሉ። ስፖንጅ የውስጡን ማሚቶ ይቀንሳል እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣውን አያግድም። የሚያግደው ክብደት ነው፦ ወፍራም ግድግዳ፣ የተደፈነ ጣሪያ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ድርብ በር። ይሄ ገንዘብ ይፈልጋል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ለመጥራት ብለው ደጃፍ ያቆሙትን ስፒከር ማውረድ ምንም አያስወጣም። ሰብዉፈሩንም (የቤዙን ስፒከር) ከወለሉ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል። 10 ዴሲቤል ከቀነሰ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስፒከሩን ካወረዱና ባንዱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካቆመ ፊርማዬን አነሳለሁ።

ቤዝ ተጫዋች፦
6 ሰዓት ላይ እኮ ሰው ገና መሞቁ ነው! ባለቤቱም የሚያተርፈው ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት ነው፤ የእኛም ክፍያ ከዚያ ይወጣል።

አንዲት ጨፋሪ፦
ታዲያ ለምን ከምሽቱ 4 ሰዓት እንጀምራለን? 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ። እኔ መጨፈር እወዳለሁ፣ ግን ሌሊት ወጥቼ ራይድ ስጠብቅ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን እቆማለሁ። በጊዜ ቢጀመር ከሥራ ወጥተን በቀጥታ የምንመጣ ብዙ ሴቶች አለን። ሰው የሚያመሸው ባንዱ ስለሚያመሽ ነው፤ ሰዓቱን አሳውቁ፣ እንመጣለን።

ቤዝ ተጫዋች፦
ለአንድ ወር እንሞክረው ብዬ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ። ሁለት ዙር ብንጫወት፣ የመጨረሻው ለጃም ክፍት ቢሆን፣ 6 ሰዓት ላይ መውረድ ይቻላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰዓቱን እንነጋገርበታለን። የደጃፉ ስፒከር ግን ዛሬውኑ ይውረድ። እስከዚያ ፊርማዬ ወረዳ ይቆያል።