ገንዘቡ ይሰጥ፤ ተቆጣጣሪው ግን ምን ይለካ?

ጥያቄው፦ የድሃ ልጆችን በነጻ የሚያስተምሩ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት በጀት ሊደጎሙ ይገባል? ቁጥጥሩስ እስከ ምን ድረስ ይሂድ?

ጡረታ የወጡ ኦዲተር፦
ይደጎሙ፤ ሳንቲሙ ግን ይቆጠር። በሥራ ዘመኔ መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረ ልጆች ክፍል ውስጥ የሌሉበት ትምህርት ቤት ገጥሞኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የለጋሽ ገንዘብ እንዲህ ከተገደበ ግብር ከፋዩ ያዋጣው እንዴት ልቅ ይለቀቃል?

መምህርት፦
ጋሼ፣ ሒሳቡ ይመርመር፤ በዚህ አልከራከርዎትም። የሚያስጨንቀኝ ሌላው ቁጥጥር ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት የኢንስፔክሽን (የትምህርት ቤቶች ደረጃ ምዘና) ማዕቀፍ ትምህርት ቤቱን በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። እኔ ዘንድ የ12 ዓመት ልጅ ፊደል ሳትለይ ትመጣለች። ሌሊት ጎዳና ላይ አድራ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። በሁለት ዓመት አንቀጽ ማንበብ ስትጀምር እኔ በደስታ አለቅሳለሁ፤ ቅጹ ላይ ግን ያው «ዝቅተኛ» ናት። ድጎማው በደረጃው ከታሰረ እንዲህ ያለችውን ልጅ ማን ይቀበላል? አስፋው የምሩ ገና የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ የጎዳና ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ሲጀምሩ በዚህ ቅጽ ቢመዘኑ ኖሮ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት አይወለድም ነበር።

የታሪክ ተመራቂ፦
መምህርት የፈሩት ነገር እንግሊዝ ውስጥ ደርሷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ፓርላማው የበጎ አድራጎት ማኅበራት ለሚሠሯቸው ትምህርት ቤቶች 20 ሺህ ፓውንድ ፈቀደ፤ በ1839 ኢንስፔክተሮች ተሾሙ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። በ1862 ግን ድጎማው ልጆቹ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ ፈተና ከሚያመጡት ውጤት ጋር ተሳሰረ። መምህራን የንባብ መጽሐፉን በቃል ያስጠኑ ጀመር፤ ኢንስፔክተሩ ፊት ልጁ መጽሐፉን ገልብጦ ይዞም ቢሆን ያነበንባል። ያ አሠራር እስኪቀር ከ30 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወሰደ።

ኦዲተሩ፦
ታሪኩን ተቀብያለሁ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጉድ ያወቅነው ስለተለካ ነው። «የድሃ ልጅ ውጤት አይለካ» ማለት ለድሃ ልጅ የትኛውም ትምህርት ይበቃዋል ማለት ነው፤ ይህን አልቀበልም!

እናት፦
የኔ ልጆች የሚማሩበት ድርጅት ርዳታ ሲቋረጥበት ሁለት ክፍል ዘጋ። ታናሽየው ዓመቱን ሙሉ ቤት ዋለ። እናንተ ስለ መለኪያው እስክትስማሙ ልጄ የስንት ዓመት ሊሆን ነው?

መምህርት፦
እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ለዘንድሮ ድጎማው በተማሪ ቁጥር ይሰጥ፤ ጋሼም መጥተው ራስ በራስ ይቁጠሩ። ውጤትም ይለካ፣ ነገር ግን ልጁ ከተነሣበት። በገባበት ሳምንት ይፈተን፣ በዓመቱ ይደገም፤ ልዩነቱ ይመዝገብ።

ኦዲተሩ፦
የመግቢያውን ፈተና ትምህርት ቤቱ ራሱ ካወጣ ግን መነሻውን ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል። ፈተናውን ወረዳው ያውጣ፣ ወረዳው ያርም።

መምህርት፦
ያውጣ። መጀመሪያ ግን ፈታኙ እኔ ክፍል አንድ ሳምንት ይቀመጥ።