የኮምፓውንድ ቀስት የመሳቢያ ኃይልን ያለ አደጋ ስለ መቀነስ

ጥያቄ፦ ከፍተኛ የመሳቢያ ኃይሉ 60 ፓውንድ (27 ኪሎ ግራም ገደማ) የሆነ ኮምፓውንድ ቀስት (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ቀስት) አለኝ። ትከሻዬን ሳላስጨንቅ ልስበው ስላልቻልኩ ወደ 50 ፓውንድ ዝቅ ላደርገው አስቤያለሁ፤ ነገር ግን ክንፎቹን (ሲሳብ የሚታጠፉትን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል) ከመሃል አካሉ ጋር የሚያያዙትን ብሎኖች ሳላላ አንዱ ወልቆ እንዳይፈናጠር እሰጋለሁ። እንዴት ብጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ከሁሉ በፊት የቀስትዎን መመሪያ ተመልክተው ብሎኖቹ ቢበዛ ስንት ዙር እንደሚላሉ ያረጋግጡ፤ ይህ ቁጥር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሌላ ሰው ቀስት መለኪያ አይሆንዎትም። የክንፍ መቆለፊያ ብሎን ካለው አስቀድመው ያላሉት። ከዚያም ሁለቱን ዋና ብሎኖች እስከ መጨረሻው በቀስታ አጥብቀው፣ ከዚያ መነሻ ላይ የላይኛውንና የታችኛውን እየተፈራረቁ በግማሽ ዙር ያላሉ። የሁለቱ ዙር እኩል ካልሆነ ቀስቱ ሚዛኑን ያጣል።

መልስ 2፦ በተሰጠው መልስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዙር ቆጠራ ግምት ብቻ ስለሆነ ውጤቱን በቀስት ሚዛን (የመሳቢያ ኃይልን በሚለካ መሣሪያ) ይለኩት። ሲፈትሹም ፍላጻ ሳይሰኩ አውታሩን ስበው ከቶ አይልቀቁ፤ ፍላጻው ሊወስደው የሚገባው ኃይል ወደ ክንፎቹ ተመልሶ ሊሰብራቸው ይችላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። የቀድሞ ፍላጻዎቼን መጠቀም እችላለሁ?

መልስ 1፦ ኃይሉ ሲቀንስ ፍላጻው ከሚገባው በላይ ግትር ሊሆን ስለሚችል የፍላጻውን አምራች የመምረጫ ሰንጠረዥ ያመሳክሩ። ማነጣጠሪያውንም እንደገና ማስተካከልዎ አይቀርም።