ሌጦው ጨው እያለው ፀጉሩ ለምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ በዚህ ክረምት ጠዋት የታረደ በግ ሌጦ ማታ ጨው ተነስንሶበት፣ በሦስተኛው ቀን ፀጉሩን ሳብ ሲያደርጉት እፍኝ ሙሉ ይነቀላል። ቆዳው ግን አይቀደድም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ 1፦ ከቆዳው አሠራር ነው። ላይኛው ሽፋን፣ ኤፒደርሚስ የሚባለው፣ ስስና ደም ሥር የሌለው ነው፤ ላዩ ኬራቲን (ጥፍርና ፀጉር የሚሠራበት ጠንካራ ፕሮቲን) የሞላው የሞተ ሕዋስ ነው። ከሥሩ ያለው ደርሚስ እንደ ገመድ የተጠላለፈ ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ክር ነው፤ ተለፍቶ ቆዳ የሚሆነውም እሱ ነው። የፀጉሩ ሥር ወደ ደርሚስ ጠልቆ ቢገባም፣ የተተከለበት ከረጢት ውስጡ የተሸፈነው በላይኛው ሽፋን ለስላሳ ሕያው ሕዋሳት ነው። ባክቴሪያ ቀድሞ የሚያፈርሰው እነዚህን ነው። ኮላጅኑ ገና ሳይነካ ፀጉሩ መያዣ ያጣል።

መልስ 2፦ ጥፋቱ «ማታ» የምትለዋ ላይ ነች። ከተገፈፈ በ3 ወይም 4 ሰዓት ውስጥ ጨው ማግኘት አለበት። መጀመሪያ የሥጋና የስብ ቅሪቱ ይፋቅ፤ ጨው ስብን አያልፍም። ለ2 ኪሎ ሌጦ 800 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ መነስነስ ብቻ አይበቃም፣ በሥጋው በኩል እስከ አንገትና እግር ጫፍ ድረስ ይታሽ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጫፉ ነው፣ የሚሸተውም ከዚያው ይጀምራል። ከዚያ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ፤ ላስቲክ ላይ ከተኛ በራሱ ውሃ ይዘፈቃል።

መልስ 3፦ በዚያ ላይ፣ ያገለገለ ጨው አይደገም። ጨው የሚወዱ ባክቴሪያዎች አሉ፤ በሥጋው በኩል ቀይ ቀለም ካዩ እነሱ ናቸው።