ቅናት ከጾታ ነው ወይስ ከቁርኝት?

ጥያቄ

ከእጮኛዬ ጋር ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ቴሌግራም ላይ መግባቱን እያየሁ መልእክቴን ሳይመልስልኝ ሲቀር፣ ስልኬን ደጋግሜ እየከፈትኩ ሌሊቱ ይጋመሳል። እሱ በበኩሉ ከድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ቡና መጠጣቴን ስነግረው «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፍና፣ ከሳምንት በኋላ «ከእሱ ጋር ተኝተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ታላቅ እህቴ «ወንድ የሚቀናው በገላ፣ ሴት የምትቀናው በልብ ነው» ትላለች። ልዩነቱ በእርግጥ የጾታ ብቻ ነውን?

መልስ 1

የእህትሽ አባባል መሠረት አለው። በ1992 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ በስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን፣ ፍቅረኛቸው ከሌላ ሰው ጋር ከሚተኛና የሌላ ሰው ፍቅር ከሚይዘው የትኛው ይበልጥ እንደሚያማቸው ጠይቀው ነበር። ከወንዶቹ 60 በመቶ መተኛቱን፣ ከሴቶቹ 83 በመቶ ፍቅሩን መረጡ። በስ ምክንያቱን በዝግመተ ለውጥ ያስረዳል፤ ወንድ የልጁ አባት ስለመሆኑ እርግጠኛ መሆን አይችልም፣ ሴት ደግሞ የባሏ ልብ ሲሸፍት የልጆቿን ደጋፊ ታጣለች።

መልስ 2

አሐዙ ትክክል ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የቀሩት 40 በመቶ ወንዶች ጉዳይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኬኔት ሌቪና ክሪስተን ኬሊ ይህንኑ ጥያቄ ከቁርኝት ዓይነት፣ ማለትም ሰው ከሚቀርበው ሰው ጋር ከሚተሳሰርበት መንገድ፣ ጋር አያይዘው ሲመረምሩ፣ መቀራረብን የሚሸሹና በራሳቸው መቆምን ከሁሉ የሚያስቀድሙ ሰዎች በአብዛኛው በመተኛቱ እንደሚቆስሉ፣ የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው ግን፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ይበልጥ የሚያማቸው የልብ ክዳት መሆኑን አገኙ። እንዲህ ያለው መሸሽ በወንዶች ላይ በዛ ብሎ ስለሚታይ፣ የጾታ መስሎን የኖረው ልዩነት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የቁርኝት ሐሳብ፣ ጆን ቦውልቢ ስለ ሕፃንና እናት የጻፈውን፣ ሜሪ አይንስዎርዝም በ1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የተመለከተችውን፣ ሲንዲ ሄዛንና ፊሊፕ ሼቨር በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ ፍቅረኞች አምጥተውታል።

መልስ 3

እህቴ፣ በምርጫ የሚመለስ የ«ቢሆን» ጥያቄ የሰውን ልብ ሁሉ አያሳይም። ተመራማሪዋ ክሪስቲን ሃሪስ በእውነት የተከዱ ሰዎችን ስትጠይቅ፣ ወንዱም ሴቷም ይበልጥ ያብሰለሰሉት የልቡን ክዳት ነበር። ስጉ ቁርኝት ያለው፣ ማለትም እተዋለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ጊዜ ቁጣውን ውጦ ስልክ ሲጠብቅ ያድራል፤ አንቺም የጻፍሽው ይህንኑ ነው። ሌሊት ከምትብሰለሰዪ፣ «ሳትመልስልኝ ስትቀር እፈራለሁ» ብለሽ በቀን ንገሪው። ስልክሽን መበርበር ወይም ከቤት እንዳትወጪ መከልከል ከጀመረ ግን ነገሩ ቁጥጥር ስለሆነ፣ የቁርኝት ዓይነት እያልሽ አትታገሺው።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ። ስልኬን ነክቶ አያውቅም። ቅዳሜ ስንገናኝ ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እነግረዋለሁ፤ እሱንም ጥያቄውን ለምን ሳምንት ይዞ እንደሚቆይ እጠይቀዋለሁ።