ዋቢ ማስገባት ላይ ተቸግሬያለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከተማው ዳር፣ የካ አባዶ ነው። ሰሞኑን ውክፔዲያ ላይ ስለ እንጦጦ ለተጻፈ መጣጥፍ ዋቢ ላስገባ ተቀምጫለሁ። ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ መውረዳቸውን፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. መቆርቆሯን ሲናገር አንድም ምንጭ አልጠቀሰም። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምንጭ ሲቀመጥ ያንገበግበኛል።

መጽሐፉ እጄ ላይ አለ። ያስቸገረኝ ዋቢው የሚሞላበት ቅጽ ነው። «የቤተሰብ ስም» ይላል። የደራሲውን አባት ስም እዚያ ስሞላ፣ አስቀድሞት ነጠላ ሰረዝ ያደርግበታል። ደራሲው በአባቱ ስም ተጠራ ማለት እኮ ነው! እኛ ጋ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ሙሉ ስሙን «ደራሲ» የሚለው ቦታ ላይ ብቻ ብጽፈው ያስኬዳል?

መጽሐፉ የታተመበት ዓመተ ምሕረትም አለ። እንዳለ ብተወው አንባቢ የፈረንጆች ይመስለዋል። ልቀይረው ብል መጽሐፉ ላይ ወሩ አልተጻፈም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከታተመ 7 ነው የሚደመረው፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8። የቱን ልያዝ?

ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ ሦስት ቦታ፣ በተለያየ ገጽ መጥቀስ አለብኝ። ሦስቴ መድገም ግዴታ ነው?

ይህን የሠራችሁ አንድ ምሳሌ ብታሳዩኝ ዛሬ ማታ እጨርሰዋለሁ።