ሾፌራችን የማይወርድበት ባህር፦ የጃማይካው ጉዞ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችን የሚያዝያ የጃማይካ ጉዞ ዕቅድ እስከ እሁድ አንድ ገጽ መሆን አለበት። አሁን ያለው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ሞንቴጎ ቤይ፣ አምስት ሌሊት፣ ኦል ኢንክሉሲቭ ሆቴል። ሚያዝያ 13፣ ጃንሆይ ጃማይካ የገቡበት ቀን፣ ኪንግስተን ደርሶ መልስ። አስተያየት ያላችሁ እዚሁ ጻፉ። በግል አትደውሉልኝ፣ በእናታችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሆቴሉን እደግፋለሁ። ምግብ፣ መጠጥ፣ ቢች፣ ሁሉም በአንድ ሂሳብ ያልቃል። 23 ሰው ይዞ በየምግብ ቤቱ ደረሰኝ መልቀም ምን እንደሚመስል አምና አይተነዋል። ቀብድ ከፍለናል።

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦ እኔ አንድ ነገር ልናገር። ከስድስት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር እዚያው አካባቢ አርፈን ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም። ጠዋት በባህሩ ዳር በእግራችን ራቅ ብለን ሄደን ስንመለስ ጥበቃው ባለቤቴን አስቆመው። ከፊታችን ነጭ ባልና ሚስት አልፈዋል። ማን አያቸው? ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ የሆቴሉን የእጅ ማሰሪያ ሲያሳየው ሰውዬው ደነገጠ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ የአገሩ ሰው መስለውኝ ነው» አለ። ጥበቃው ራሱ እኮ ጥቁር ነው፣ የአገሩ ልጅ ነው።

ተናደድን። ቅሬታ አቀረብን። እራት በነፃ ጋበዙን፣ በላን። ማታ ባለቤቴ እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣ «ይቅርታ የተጠየቅነው እኮ ጃማይካዊ ስላልሆንን ነው» አለኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከኤርፖርት ያመጣን ሾፌር ዋና የተማረው እዚያው ባህር ላይ እንደሆነ ነግሮናል። አሁን ልጆቹን የሚያዋኘው ሌላ ቦታ በመኪና ወስዶ ነው።

ከወጣቶች ክፍል፦ ጥበቃው የታዘዘውን ነው የሠራው። ከጀርባው ሕግ አለ። በ1956 (የምጽፈው ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጊዜ የወጣ የባህር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ ነው። ውሃው የሚመላለስበትን ዳርቻና የባህሩን ወለል ለዘውዱ ሰጠ። ለንግድ መጠቀም የፈለገ ፈቃድ ያወጣል። ተራው ሰው ወርዶ የመዋኘት አጠቃላይ መብት የለውም። ጃማይካ በ1962 ነፃ ወጣች፣ ሕጉ ግን እዚያው ቀረ።

ይህን የሚሞግት ንቅናቄ በ2021 ተቋቁሟል። ስሙ በእኛ ቋንቋ «የጃማይካ የባህር ዳርቻ ብኩርና የአካባቢ ንቅናቄ» እንደማለት ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው የባህር ዳርቻ ከ1 በመቶ በታች ነው ይላሉ። ስለ ማሚ ቤይ፣ ስለ ብሉ ላጉን፣ ቡል ቤይ ስላለው ቦብ ማርሌይ ቢችም ፍርድ ቤት ሄደዋል።

ፍርድ ቤት የሚሟገቱበት ሕግ ደግሞ ይገርማል። ከዚያም የቆየ የ1882 ሕግ አለ። ሕዝብ አንድን ዳርቻ ለዓሣ ማጥመድ ወይም ለመዋኛ 20 ዓመት ሳይቋረጥ ከተጠቀመበት፣ መብቱ የማይነጠቅ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ «እዚህ ስንዋኝ ነው ያደግነው» ብሎ ማስረዳት ነው። ፖርትላንድ በሚባለው የጃማይካ አውራጃ የዊኒፍሬድ ቢች ሰዎች በዚህ መንገድ ተሟግተው በ2014 ተፈርዶላቸዋል።

ጋሼ (የቀድሞው ሰብሳቢ)፦ ብኩርና አልክ ልጄ? ኤሳው ብኩርናውን የሸጠው በምስር ወጥ ነው። እህታችን ያን ነፃ እራት ስታነሳ እሱ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ ግን ከሕጉም ይቀድማል። በ1948 (የእኔም እ.ኤ.አ. ነው) ኢቮን ብሌክ የሚባል ጥቁር ጋዜጠኛ፣ ኪንግስተን ሚርትል ባንክ ሆቴል ገብቶ የነጮች ብቻ በነበረው መዋኛ ውስጥ ዘሎ ገባ። ዋናተኞቹ እየተንጠላጠሉ ወጡ። በባሃማስም ጋዜጠኛውና የምክር ቤት አባሉ ኤቲየን ዱፑክ ሆቴሎች ጥቁር እንግዳ መከልከላቸውን የሚቃወም የውሳኔ ሐሳብ ለምክር ቤት ያቀረበው በ1956 ነው። የእናንተው ሕግ የወጣበት ዓመት።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ የደረሰው ነው። ገንዘብ ያዣችን ከመረጠው ሆቴል ብዙም አይርቅም። ራስታዎች ሮዝ ሆል የሚባለውን ሰፊ ርስት አቋርጠው ወደ ማሳቸው ይመላለሱ ነበር። አካባቢው ለቱሪስት ሲታሰብ እግራቸው አልተወደደም። ከዚህ ጠብ ተነስቶ በ1963፣ በነሱ ስቅለት ዋዜማ፣ ነዳጅ ማደያ ተቃጠለ፤ ሁለት ፖሊሶችን ጨምሮ 8 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ እጃቸው የሌለበት ራስታዎች ከየቦታው ተለቅመው ታሰሩ፣ ተደበደቡ፣ ፀጉራቸው ተላጨ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆልነስ በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ2017 ነው። ጃንሆይ የሄዱት ከግጭቱ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኤርፖርቱን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ውስጥ ብዙ ራስታ ነበረበት። እኛ እሳቸውን ልናስብ ሄደን ከአጥሩ ውስጥ ልንቀመጥ?

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን የምንሄደው ለዕረፍት ነው ወይስ ለሰልፍ? ሆቴሎቹን የሚያጸዳው፣ የሚያበስለው፣ የሚያስተናግደው ሁሉ ጃማይካዊ ነው። እኛ ብንቀር ማን ይጎዳል? ሞንቴጎ ቤይ ያለው ዶክተርስ ኬቭ ቢችስ? የመግቢያ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ይህም አድልዎ ነው ሊባል ነው?

እህት ከአሌክሳንድሪያ፦ እውነት ነው፣ ሠራተኞቹን ማንም አልካደም። ግን ሠርቶ መውጣት ሌላ ነው፣ እሁድ ከልጆችህ ጋር መምጣት ሌላ። ከፍሎ መግባት ለድሃ ይከብዳል። ቢያንስ ግን በሩ ላይ ፊትህን አይተው አይመልሱህም።

እኔ ቀላል መለኪያ አለኝ። እኛ ቤት ሾፌር ውጭ አስቀምጦ መብላት ነውር ነው አይደል? አብሮን የዋለው ሾፌርና አስጎብኚ ከኛ ጋር መውረድ የማይችልበት ቢች አንወርድም። የማንንም ሕግ መተርጎም አያስፈልገንም። ሄደን መጠየቅ ብቻ ነው።

ከወጣቶች ክፍል፦ ይቺ ትጻፍልን!

ሌላ አባል፦ ቢሾፍቱ ላይስ? ሐይቁን ለማየት ሎጅ ገብተን ማኪያቶ የምንገዛው እኛ አይደለንም እንዴ?

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ፣ ግን ለእሱ ሌላ ውይይት እከፍታለሁ። አሁን ረቂቁን ላስቀምጥ፦

«ማረፊያችን ኪንግስተን ይሁን፣ በአገሬው ሰዎች የሚተዳደሩ የእንግዳ ማረፊያዎች ይፈለጉ። ሚያዝያ 13ን ቡል ቤይ እንውላለን። አንድ ቀን ፖርትላንድ፣ ዊኒፍሬድ ቢች እንሄዳለን፤ ምሳ እዚያው ካሉት ሻጮች ይገዛል፣ ቢቹን ለሚያጸዱት መዋጮ ከማኅበሩ ሣጥን ይወጣል። ሾፌራችንና አስጎብኚያችን በማይገቡበት ባህር ዳርቻ ማኅበሩ አይገኝም። ለንቅናቄው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፋል።»

ምግብ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ራስታዎቹ አይታል የሚሉት ምግብ ሥጋ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ጨውም የለውም። ሚጥሚጣ የምትይዙ ያዙ።

ጋሼ፦ ኮራል ጋርደንስ ቀረ።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ደሴቱን ከዳር እዳር ማቋረጥ ነው። ከመመለሳችን በፊት አንድ ሌሊት ሞንቴጎ ቤይ አድረን ከዚያው ብንበርስ?

ገንዘብ ያዥ፦ የመመለሻ ትኬቱን ዋጋ አይቼ እነግራችኋለሁ። ሆቴሉን ደውዬ ጠይቄያለሁ። እስከ ሐሙስ ከሰረዝን ቀብዱን ይመልሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ እሁድን አትጠብቁ። «አዎ» ወይ «አይ» ብላችሁ ዛሬ ጻፉ። የእኔ፦ አዎ። ደረሰኝ የሚሰበስብ አንድ ወጣት ግን ይመደብልኝ።